የትራክተር ማርሚታ አግኝቻለሁ፤ ቢ.ቢ. ኪንግን ልሠራው ነው

ቁራሌው_ኮምቦልቻ (ክር ከፋች)

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ናችሁ? የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ እንጀራዬ ብየዳ። በር፣ መስኮት፣ የሮቶ ማስቀመጫ፣ የባጃጅ ጥገና። ማታ ማታ ከተራረፈው ብረት እንስሳ እሠራለሁ፦ ዶሮ፣ ግመል፣ አንድ ጅብም አለኝ። ሰው ግን ሠርቼ አላውቅም።

አሁን አንድ ጓደኛዬ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሙዚቃ ያለበት ቡና ቤት ሊከፍት ነው። "ለመድረኩ ጥግ፣ የገባው ሁሉ ቆም ብሎ የሚያየው ነገር ሥራልኝ" አለኝ። ቢ.ቢ. ኪንግ አልኩት፤ አሜሪካዊውን የብሉዝ ዘፋኝና ጊታር ተጫዋች። ደስ አለው፤ እሱም ብሉዝ ወዳድ ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከብረቱ ነው። ከቁራሌ ግቢ ላሜራ ስመርጥ አንዲት የትራክተር ማርሚታ አገኘሁ፤ ያቺ ከኮፈኑ በላይ ቀጥ ብላ ጭሱን ወደ ላይ የምትለቀዋ። አንገቷ ላይ ታጥፋለች፣ አንድ ጎኗን ዝገት በልቷታል። ቢ.ቢ. ኪንግ ደግሞ፣ ለማታውቁት፣ ስሙ ገና ራይሊ ኪንግ ሳለ ሚሲሲፒ ውስጥ ኢንዲያኖላ አጠገብ የጥጥ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 አንድ ቀን ትራክተሩን ሊያስገባ ሄዶ ሞተሩን አጥፍቶ ሲወርድ፣ ሞተሩ አልሞት ብሎ ወደፊት ዘለለና ማርሚታው ከመጋዘኑ ጋር ተላትሞ ተገነጠለ። ልጁ ክው አለ። ባለእርሻውን ፈርቶ ጊታሩን አንጠልጥሎ ወደ ሜምፊስ ከተማ ጠፋ። ኋላ ተመልሶ ሠርቶ ዕዳውን ከፍሏል፤ ግን ሜምፊስን አንዴ አይቷታል፣ ማን ይመልሰዋል!

እና ይህቺ ማርሚታ ሐውልቱ ውስጥ መግባቷ አይቀርም። ጥያቄዬ የት ትግባ ነው። የጊታሩ አንገት ላድርጋት ወይስ ቀኝ ክንዱን? ሌላው ጭንቀቴ ፊቱ ነው። ግመል ትንሽ ቢጣመም ሰው ይስቅና ያልፋል፤ ሰው ግን ካልመሰለ አልመሰለም፣ አለቀ። ከወገብ በላይ፣ በሰው ልክ ነው ያሰብኩት። የምታውቁትን ጣል ጣል አድርጉልኝ።

አዝዋ_ገደል

ፎቶ! ማርሚታዋን ሳናያት ምን ብለን እንምከር?

ሐይቅ_ዳር

እጅህን አከብራለሁ። ግን ሁለት ቅኝት በገዛ ስሙ የሚጠራበት አገር ቁጭ ብለህ የሚሲሲፒ ሰው? አምባሰል አለ፣ ባቲ አለ፣ ማሪቱ ለገሰ አለችልህ። የራሳችን ሰው መች ሐውልት ጠገበና ነው ለባሕር ማዶ የምንሠራው?

ቁራሌው_ኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ሰው መሥራት የምለማመደው በማሪቱ ፊት ላይ ይሁን ነው የምትለኝ? አልመስል ብትል እኮ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ መውጣት ሊቀርብኝ ነው! ቢ.ቢ. ኪንግ መጥቶ አይወቅሰኝም። እጄ ይፍታታ፣ ማሪቱም ትከተላለች ኢንሻአላህ።

ጋሼ_ሞርሳ

ልጄ፣ ጅብ ከሠራህ ሰውም ትሠራለህ፤ አብሽር። እኔ የምነግርህ ስለ ብረቱ ብቻ ነው። ቁራሌ ግቢ ውስጥ ሁሉም ብረት ይባላል፤ ለኤሌክትሮድ፣ ለብየዳ ዘንጉ፣ ግን ሁሉም አንድ አይደለም።

ላሜራ፣ ቱቦላሬ፣ አንጎላሬ፣ ፌሮ ያለ ጣጣ ይያያዛሉ። በየሱቁ ያለው 6013 የሚባለው ኤሌክትሮድ ይበቃሃል፣ ለቀጭኑ 2.5 ሚሊው። ቀጭን ላሜራ ላይ አትሩጥ። እዚህም እዚያም በነጥብ ያዘው፣ ሌላ ቦታ ሂድ፣ ቀዝቀዝ ሲል ተመልሰህ ሙላው። አንድ ቦታ ላይ ከቆየህ ጉንጩ ይጠማዘዝብሃል፤ የተጠማዘዘ በር ይስተካከላል፣ የተጠማዘዘ ፊት ግን ሌላ ሰው ይሆናል።

ጊዛ፣ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰው ብረት፣ ሌላ ነገር ነው። የፍሬን ታምቡር፣ የሞተር ብሎክ። በተራ ኤሌክትሮድ ስትይዘው የተያያዘ ይመስልሃል፤ ሲቀዘቅዝ "ጢቅ" ይልና ይሰነጠቃል። የኒኬል ኤሌክትሮድ ይፈልጋል፣ አስቀድሞ መሞቅ ይፈልጋል፣ ገንዘብም ይፈልጋል። የግድ ካስፈለገህ በብሎን እሰረው። ለመለየት ግራይንደር አስነካው፦ ተራው ብረት ረጅም ቢጫ ብልጭታ ይረጫል፤ ጊዛ አጭርና ቀላ ያለ፤ ባሌስትራ (የመኪና ዝርግ ሞላ) እና ኩሽኔታ ደግሞ ጫፉ ላይ እየፈነዳ ይበታተናል። እነዚህ ሁለቱ ጠንካሮች ናቸው ብለህ እንዳትታለል፣ ከብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃሉ።

አሁን የጤናውን ስማኝ። የውሃ ቧንቧ ዚንክ የተነከረ ነው። ስትበይደው የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ላይ ብርድ ብርድ ያሰኝሃል፣ ያንቀጠቅጥሃል፣ ወባ የተነሳብህ ይመስልሃል። ወተት ጠጣ የሚሉህን አትስማ፤ ወተቱ የሚገባው ሆድ፣ ጭሱ የገባው ሳንባ። ዚንኩን ፋቀው፣ ንፋስ ባለበት ሥራ፣ አፍንጫህን ሸፍን። ክሮም የተለበጠውንማ ጭራሽ ተወው። አሞርዛቶሪ፣ የመኪናን መንገጫገጭ የሚያበርደውን፣ እሳት እንዳታስጠጋ፤ ውስጡ የታመቀው ነገር ይፈነዳል። የሞተር ሳይክል ነዳጅ ታንከርም ባዶ ነው ብለህ አትመነው፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነው።

ደግሞ የኛ አገር ነገር አለ። ከጦርነቱ ወዲህ ከቁራሌ ግቢ የማይታወቅ ቱቦ አይጠፋም። ክንፍ ያለው፣ አፍንጫው የሾለ፣ ቀለበት ያለበት ነገር ካየህ ቅርጹ አምሮህ እንዳታነሳው። ለፖሊስ ተናገር። ይህን የምለው ለአንተ ብቻ አይደለም፤ የሚያነቡት ሁሉ ይስሙ።

ቁራሌው_ኮምቦልቻ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የወተቱን ነገር እስከ ዛሬ እየጠጣሁ ነበር 😅 ለጉንጭ የሞተር ሳይክል ታንከር ነበር ያየሁት፤ ክቡ ደስ ብሎኝ። ተውኩት። ከፓርፋንጎ፣ ከጎማው ሽፋን፣ አወጣዋለሁ።

የጦሳ_ጭጋግ

እኔ ሥዕል አስተማሪ ነኝ፤ ብረት አልነካም፣ ፊት ግን አውቃለሁ።

ጀማሪ ሁሉ ዓይንን ወደ ላይ ይሰቅላል። ራስን ከአናት እስከ አገጭ ለሁለት ክፈለው፤ ዓይን የሚያርፈው እዚያ መሐል መስመሩ ላይ ነው። ግንባር ከምናስበው በላይ ሰፊ ነው። ስለዚህ ፎቶውን ከፊትና ከጎን በሰው ልክ አሳትመህ ግድግዳ ላይ ለጥፍ፤ በሜትር እየለካህ ፌሮውን በዚያ ልክ እጠፈው። ላሜራው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ ላሜራውን እንደ ቆዳ አታልብሰው። ግንባሩ አንድ ገጽ፣ ጉንጩ አንድ ገጽ፣ የአፍንጫው ጎን አንድ ገጽ፣ አገጩ አንድ ገጽ። በመካከላቸው የሚቀረውን ክፍተት አትድፈነው። የመድረክ መብራት ከጎን ሲመታው ያ ክፍተት ጥላ ይሆንና መስመሩን ይስልልሃል። በያጆች ክፍተት ስታዩ እጃችሁን ይበላችኋል፤ ቻለው።

ሦስተኛ፣ እየሠራህ ዘወትር ራቅ በል። አፍንጫህን አስጠግተህ የምታየው ብሎን ነው፤ ሰውየው የሚታየው ከበሩ አጠገብ ነው። ዓይንህን ጠበብ አድርገህ ስታይ ካልመሰለህ፣ ዝርዝር ብትጨምርበት አይመስልም።

እና ሰውየው ጊታሩን ሲያስጮህ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ቅንድቡ ይነሳል፣ ግንባሩ ይሸበሸባል፣ አንገቱ ወደ ኋላ ዘመም ይላል። ይህ ለአንተ ጥሩ ዜና ነው። የተከፈተ ዓይን ከብረት መሥራት አስቸጋሪ ነው፤ ያፈጣል። የተጨፈነ ዓይን ግን ማንኪያ ነው። እውነቴን ነው፦ የሾርባ ማንኪያ አፉን ቁረጥ፣ ጀርባውን ወደ ውጭ አድርገህ አስቀምጠው። የታችኛው ጠርዝ ሽፋሽፍቱ የሚገጥምበት ነው።

አዝዋ_ገደል

ለላቡስ የኩሽኔታ ኳሶች ግንባሩ ላይ ብትደረድርስ?

ጋሼ_ሞርሳ

ኩሽኔታ ይሰነጠቃል አልኩ እኮ! ላብ አያስፈልገውም። ማንኪያው ግን ሸጋ ሐሳብ ነው። የማይዝግ ከሆነ ከተራው ብረት ጋር በ309 ኤሌክትሮድ ያዘው፤ በ6013 ብትይዘውም ለጊዜው ይያዛል፣ ብየዳው ግን ይዝጋል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። 309 እኔ ጋ ጥቂት ፍሬ አለ። ሌላው ፊት ጠቆር ሲል ማንኪያው እያብለጨለጨ ይቀራል፤ ላብ ከፈለጋችሁ ያው ላብ ነው።

ሚኪ_ጊታር

ከአዲስ አበባ ነኝ፤ ወላጆቼ የወረኢሉ። ስለ ጊታሩ ልናገር።

ጊታሩን ሉሲል ነበር የሚላት። ሉሲል ግን አንዲት ጊታር አይደለችም፤ በዕድሜው ብዙ ጊታር ሉሲል ብሎ ጠርቷል። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1949 ክረምት፣ አርካንሳስ ውስጥ ትዊስት በምትባል ቦታ ሲጫወት ነው። ቤቱን የሚያሞቁት በርሜል ውስጥ ላምባ እያነደዱ ነበር። ሁለት ሰዎች ተጣልተው በርሜሉን ገለበጡት፣ ቤቱ ተያያዘ። እሱ ከወጣ በኋላ ጊታሩ ትዝ ብሎት ተመልሶ እሳት ውስጥ ገባ። በማግስቱ ሲሰማ ሰዎቹ የተጣሉት እዚያ በምትሠራ ሉሲል በምትባል ሴት ነው። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ሞኝነት እንዳልሠራ ብሎ ጊታሩን በስሟ ጠራት።

ሰው ሁሉ የሚያውቃት ሉሲል፣ ጊብሰን የሚባለው ጊታር ሠሪ ኩባንያ የሠራት ጥቁሯ ናት። ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1980 በስሙ ያወጣት ሞዴል ፊቷ ላይ የኤፍ ቅርጽ ቀዳዳ የላትም። ሌሎቹ የዚያ ዓይነት ጊታሮች አላቸው፣ እሷ የላትም፤ ድምፅ ሲጎላ እንዳታፏጭ ነው። ከዚያ በፊት እሱ ራሱ ቀዳዳው ውስጥ ጨርቅ ይጠቀጥቅ ነበር። ስለዚህ የመኪና ኮፈን ቆርጠህ ፊቷን ልሙጥ አድርገው። ሥራም ቀነሰልህ።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፦ ቢ.ቢ. ኪንግ እየዘፈነ ጊታር አይመታም ነበር። ኮርድ ላይ፣ ብዙ ኖታ አንድ ላይ መምታት ላይ፣ ጎበዝ እንዳልሆነ ራሱ ይናገር ነበር። ይዘፍናል፣ ያቆማል፣ ከዚያ ሉሲል ትመልስለታለች። ማይክ ፊት አፉን ከፍቶ ግራ እጁ ክር ላይ የሚንቀጠቀጥ ሐውልት ብትሠራ የሚያውቀው ሰው ይስቅብሃል። ወይ አፉን፣ ወይ እጁን ምረጥ።

ሐይቅ_ዳር

ይሄን አላውቅም ነበር። የኛ አዝማሪ ግን አፉም እጁም አብረው ነው የሚሄዱት፤ ማሲንቆው ከድምፁ ጎን ጎን ይሄዳል። "ትዝታ የኛ ብሉዝ ነው" የሚባለው እንግዲህ ምኑን ይዘው ነው?

ባቲ_ሰኞ

እዚህ ጋ ልግባ፤ ኪቦርድና ማሲንቆ እጫወታለሁ። ትዝታ ብሉዝ ነው የሚሉት ስሜቱን ይዘው ነው፤ ናፍቆቱን፣ እንጉርጉሮውን። በስሜት ከሆነ አልከራከርም። ኖታውን ካየህ ግን ወደ ብሉዝ የሚጠጋው ትዝታ አይደለም። ትዝታ በሙሉው (በሜጀሩ) ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ባቲ ማይነር የምንለውን ውሰድ፦ ዶ፣ ሚ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ቤሞል (ቤሞል ማለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ)። ይህ የብሉዝ ጊታሪስት ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው አምስት ኖታ ራሱ ነው። በፋና በሶል መካከል ያቺን የምታስለቅሰውን ግማሽ ድምፅ ስትጨምርበት ብሉዝ ሆነ። ሰኞ ሰኞ ግመልና ፍየል የሚሸጥባት የኛዋ ባቲ ስሟን የሰጠችው ቅኝት ማለት ነው። እና ሐይቅ_ዳር፣ ሰውየው ያን ያህል ባዕድ አይደለም።

አንድ ክር እንኳ ብትል፣ የሚሲሲፒ ልጆች ጊታር መግዣ ሲያጡ ሽቦ ግድግዳ ላይ በሚስማር ወጥረው ጠርሙስ እያንሸራተቱ ይጫወቱ ነበር። ማሲንቆ ይዞ ያደገ ሰው ይህን ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

አሁን ወደ ማርሚታዋ። ቁራሌው፣ ቀኝ ክንድ እንዳታደርጋት! ግራ ነው። ምክንያቱን ስማ። ማርሚታውን ሰብሮ ሜምፊስ ሲገባ ያረፈው ዘመዱ ቡካ ዋይት ቤት ነው። ቡካ ዋይት ጊታሩን በብረት እያንሸራተተ የሚጫወት ትልቅ ሰው ነበር። ቢ.ቢ. ያንን ድምፅ ለመስረቅ ሞከረ፤ ማንሸራተቱ አልሆን አለው። ስለዚህ በባዶ ጣቱ ክሩን እያርገበገበ ለመምሰል ሞከረ። ያ መርገብገብ ነው ኋላ አንድ ኖታ ሲነካ እሱ መሆኑ እንዲታወቅ ያደረገው። ማርሚታው ባይሰበር ሜምፊስ የለም፣ ቡካ ዋይት ቤት ማደር የለም፣ ያ ግራ እጅ የለም። እዚያው ክንዱ ላይ አድርጋት። የታጠፈው አንገቷ ክርን ይሁን።

ቁራሌው_ኮምቦልቻ

ኧረ ባቲ_ሰኞ! ጸጉሬ ቆመ። ግራ ክንድ ናት፣ ተዘጋ።

ለካሁት፦ ከመታጠፊያዋ በታች ያለው ቁራጭ ከእኔ ክንድ ትንሽ ይረዝማል፤ ሰውየው ግዙፍ ስለነበር ይሄዳል። ውስጧ ጥላሸት ሞልቷል። በሽቦ ብሩሽ አንኳኩቼ እያወጣሁት ነው፤ ግቢው ሁሉ ጥቁር ሆነ፣ ጎረቤት ልብስ ያሰጣችው እትዬ አንድ ቃል አልተናገረችም፣ ልብሷን ሰብስባ ገባች ብቻ።

አፉንም ወስኛለሁ። ዝግ ነው። ከንፈሩ ጥርቅም ብሎ አንድ ጎኑ ወደ ታች ይሳባል። ከንፈሩን ከሞተር ሳይክል ካቴና ሞክሬው ነበር፤ ጥርስ መሰለ። አሁን ከ10 ሚሊ ፌሮ አጥፌ፣ ሸንተረሩን በግራይንደር ፍቄ ለስልሷል። ለግንባሩ ሽብሽብ የፍሪሲዮን ዲስክ ጠርዝ ቆርጬ ሦስት ቅስት ደራርቤያለሁ፤ ቆንጆ ሆነ።

የቀረኝ እጁ ነው። እንዴት ነው የቆመ ብረት የሚርገበገበው?

አዝዋ_ገደል

ሞላ! አንጓው ላይ የቫልቭ ሞላ አስገባበት፤ ከባድ መኪና በፒያሳ ባለፈ ቁጥር እጁ ይንቀጠቀጥልሃል።

ጋሼ_ሞርሳ

የቫልቭ ሞላ አንተ ብትቆምበትም አይንቀጠቀጥ፤ ለዚያ ለስለስ ያለ ሞላ ነው የሚያስፈልገው። ደግሞ ሞላ አይበየድም። ሙቀት ሲነካው ጉልበቱ ይሞታል። ማድረጋችሁ ካልቀረ ሁለት ጫፉን በብሎንና በራንዴላ ጨብጡት።

የጦሳ_ጭጋግ

እኔ አልስማማም። እጁ በእውነት ከተንቀጠቀጠ ሰው እጁን ሊነካ ነው የሚመጣው፤ ፊቱን ማንም አያይም። መጫወቻ ይሆናል። እንቅስቃሴውን በአቋሙ አሳየው። ሚኪ፣ ጣቱ እንዴት ነው የሚያርፈው?

ሚኪ_ጊታር

ክሩን የሚነካው ሌባ ጣቱ ብቻ ነው። አውራ ጣቱ የጊታሩን አንገት ለቅቆ ይነሳል፤ የቀሩት ሦስቱ ተዘርግተው አየር ላይ ናቸው። መላ እጁ በዚያች በአንዲት ጣት ጫፍ ላይ ወዲህና ወዲያ ይላል። ፎቶ ላይ እንኳ ደብዘዝ ብሎ ነው የሚወጣው።

የጦሳ_ጭጋግ

በቃ። ሌባ ጣቱን ክሩ ላይ በይደው፣ ሌላውን ሁሉ አንሳው። አውራ ጣቱና አንገቱ መካከል ብርሃን ይለፍ። ሦስቱን ጣቶች እኩል አታድርጋቸው፤ እያንዳንዱ ጥቂት ወደተለየ አቅጣጫ ይክፈት። የሚያየው ሰው ይህ እጅ እንዲህ ሆኖ መቆየት እንደማይችል ያውቃል።

አዝዋ_ገደል

ሞላዬን ቀበራችሁት።

ደሴ_ፒያሳ

ቡና ቤቱ የእኔ ነው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ሲከፈት አቦሉን ቤቱ ይጋብዛል። ከአሁኑ ላስታውቅ ግን፦ ልጆች ይገባሉ፣ የሾለ ጠርዝ እንዳይኖር። መድረኩ ጣውላ ነው፣ ክብደቱን ንገሩኝ። ቤቱ ደግሞ የአባቴ ነው፤ ሐጂ ናቸው፣ የሰው ምስል ቤት ውስጥ መቆሙ አልጣማቸውም ነበር። ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ከወገብ በላይ ብቻ ከሆነ፣ ጀርባው ክፍት ከሆነና ሙሉ ሰው ካልሆነ እሺ ብለዋል። ስለዚህ ጀርባው አይደፈን።

ቁራሌው_ኮምቦልቻ

ሐጂ ይኑሩልኝ፤ ጀርባውን ለመሙላት ላሜራ አጥቼ እየተጨነቅኩ ነበር። ባዶ ይሆናል፤ ውስጡ ያለው ፌሮ ይታያል።

ጋሼ_ሞርሳ

ክብደቱ ቀላል ሒሳብ ነው። 1.5 ሚሊ ላሜራ በካሬ ሜትር 12 ኪሎ ገደማ ነው። የተጠቀምከውን ስፋት ለካ፣ ፌሮውንና ማርሚታዋን ጨምር። ጊታሩና ክንዱ ወደፊት ስለሚወጡ ክብደቱ ወደፊት ይጎትተዋል፤ መሠረቱን ወፍራም ላሜራ አድርግ፣ ወደፊትም አርዝመው፣ ከጣውላው ሥር ካለው ተሸካሚ ጋር በብሎን እሰረው። ጣውላ ብቻውን ላይ አትመን።

ሐይቅ_ዳር

ቀለሙስ? ደሴ እኮ ጭጋጉ ቤት ድረስ ነው የሚገባው። እዚህ ሐይቅ ዳር የቤቴ የብረት በር በየክረምቱ ያለቅሳል።

ባቲ_ሰኞ

ሐይቅ_ዳር ተሳታፊ ሆነ 😄

ጋሼ_ሞርሳ

ለጊታሯ ቀለም አትቀባ። የተልባ ዘይት ነው። ላሜራውን አጽድተህ በእሳት ሞቅ አድርገውና ዘይቱን በጨርቅ ስስ አድርገህ ቀባው፣ እንደገና አሙቀው። ተልባ ዘይት ይደርቃል፣ እንደ ኑግ ተጣብቆ አይቀርም። ስትደጋግመው ጠይም፣ ከዚያ ጥቁር ይሆናል። የጦር መሣሪያ የመሰለ ጥቁረት ነው የሚያወጣው፤ ሉሲል ጥቁር ናት ብላችሁ የለ። ፊቱን ግን እንደዚያ አታጥቁረው። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አራግፈህ ቡናማው ይቅር፣ ሞቅ ባለ ብረት ላይ ንጹሕ ሰም አቅልጠህ አሻሸው። በየዓመቱ ሰሙን ማደስ ነው።

አንድ ነገር! ተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨብጠህ ጥግ አትጣለው። ሲደርቅ በራሱ ይሞቃል፣ ማንም ሳይለኩሰው ይነዳል። ዘርግተህ ውጭ አድርቀው ወይም ውሃ ውስጥ ንከረው።

ሚኪ_ጊታር

ሉሲልን ሁለተኛ እሳት ውስጥ እንዳትከታት በሉት!

ደሴ_ፒያሳ

ማጓጓዙንስ? ኮምቦልቻና ደሴ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ቢሆንም ሐረጎ ላይ ያለውን ጠመዝማዛ ታውቁታላችሁ። በአይሱዙ ጀርባ ላይ ከተንገጫገጨ ክንዱ አይነቀልም?

ቁራሌው_ኮምቦልቻ

አስቤበታለሁ። በሦስት ነው የሚፈታው፦ አካሉ፣ ጊታሩ፣ ግራ ክንዱ። ትከሻው ላይ ሁለት ወፍራም ብሎን፣ ዳዶው ከውስጥ፤ ጀርባው ክፍት ስለሆነ እጅ ይገባል። ሌባ ጣቱ ብቻ ነው ጊታሩ ላይ የምትበየደው፣ እሷን እዚያው ደሴ እጨርሳታለሁ። መብራት ካለ።

ጋሼ_ሞርሳ

ጄኔሬተር አዘጋጁ። መብራት ተማምኖ ሥራ የሚጀምር በያጅ የለም። 309ኙን ይዤ ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ፤ ማንኪያዎቹን ቆርጠህ ጠብቀኝ፣ አብረን እንይዛቸዋለን።

ቁራሌው_ኮምቦልቻ

ጋሼ ይምጡልኝ፤ ጋራዡ ክፍት ነው። ማንኪያ ቤት ስለጠፋ ከሰኞ ገበያ አሮጌ ገዝቻለሁ፤ ባለቤቴ የራሷን ቆልፋባቸዋለች።

ሚኪ_ጊታር

ክሮቹን ከምን ታደርጋቸዋለህ?

ቁራሌው_ኮምቦልቻ

የብስክሌት ፍሬን ካቦ ፈትቼ፤ ሽቦው ቀጭን ነው፣ አይበየድም፣ በትንንሽ ብሎን እወጥረዋለሁ። ለወፍራሞቹ ካቦውን ሳልፈታ እተወዋለሁ። ለመቃኛዎቹ ስድስት ካንዴላ።

ባቲ_ሰኞ

ስድስት መሆኑን ቁጠር፤ አምስት አድርገህ ክራር እንዳታስይዘው።

ቁራሌው_ኮምቦልቻ

ስድስት ቆርጫለሁ። አንደኛው ካንዴላ ጫፉ ተሰብሯል፤ ከባጃጅ ሠሪዎቹ ነገ አንድ እለምናለሁ።